የአንዲት መስመር ሳምንት

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ የአንዲት መስመር ጉዞ ላጫውታችሁ። መስመሯ ዊኪፔዲያ ላይ ለሚጽፉ ሰዎች የምትላክ ዜና ናት፤ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ዓረፍተ ነገር አትበልጥም። እስክትደርስ ግን ስንት እጅ ታያለች!

ዊኪፔዲያ የሚሠራበት ሶፍትዌር ሚዲያዊኪ ይባላል። በየሳምንቱ ይታደሳል፤ ሠሪዎቹ ይህን እድሳት «ባቡር» ይሉታል። ባቡሩ ማክሰኞ ለሙከራ ዊኪዎች ይደርሳል፣ ረቡዕ ለዊኪፔዲያ እህት ፕሮጀክቶችና ለጥቂት ዊኪፔዲያዎች፣ ሐሙስ ለቀሩት ሁሉ። መንገድ ላይ ብልሽት ከታየ ይቆማል። ካልታየ ግን ሐሙስ ማታ አንዷ ጸሐፊ ገጿን ስትከፍት ትናንት የነበረው ቁልፍ ቦታው ላይ የለም። ማን ነገራት?

እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ2013 «ቴክ ኒውስ» የተባለው ሳምንታዊ ዜና መጽሔት የተጀመረው ለዚች ጸሐፊ ነው። ሶፍትዌሩን የሚሠሩትና በሶፍትዌሩ የሚሠሩት እንዳይተላለፉ።

አሁን መስመራችንን እንከተል። የምትወለደው ፋብሪኬተር ላይ ነው፤ ፕሮግራመሮቹ ሥራቸውን የሚመዘግቡበት ቦታ። አንዱ ሥራውን ሲጨርስ «ዩዘር ኖቲስ» የሚል ምልክት ይለጥፍበታል፤ ይህ ለተጠቃሚው ይነገር ማለቱ ነው። ከዚያ አንድ ሰው የሚመጣውን እትም ገጽ ይከፍታል። ይህ ገጽ ራሱ ሜታ በተባለው ዊኪ ላይ ያለ፣ በዓመቱና በሳምንቱ ቁጥር የተሰየመ ተራ የዊኪ ገጽ ነው። ዋና አዘጋጁ ብቻ ቁልፍ የያዘበት ክፍል የለውም፤ ማንም ገብቶ መስመሯን ይጽፋል፣ ማንም ያርማታል።

መስመሯ አጭር መሆን የምትችለው ዝርዝሩን ሌላ ገጽ ስለያዘላት ነው። «ቁልፉ ወደ ላይ ተዛውሯል» ትልና አስረጂውን ገጽ ታያይዛለች። ታዲያ አስረጂው ገጽ ገና የድሮውን ቁልፍ እያስተማረ ከሆነስ? አንባቢው ሁለት ቃል ሰማ፤ የትኛውን ይመን? እኔ በዚህ ጉዳይ አልደራደርም፦ መጀመሪያ ገጹ ይታደስ፣ ዜናው ኋላ ይጻፍ። ዜና መጽሔቱ ሰኞ ተነቦ በሳምንቱ ይረሳል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ «ይህ ለምን ተለወጠ?» ብሎ የሚመጣ ሰው የሚያገኘው ገጹን ነው።

ትልቁ ፈተና ግን ከዚህ በኋላ ነው። ዊኪ መቼም አያልቅም፤ ዜና መጽሔት ደግሞ ማለቅ አለበት። ከሁለቱ መካከል የሚጨነቀው ተርጓሚው ነው። እትሙ ለትርጉም ሲዘጋጅ ጽሑፉ በቁጥር ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በየቋንቋው ለብቻው ይተረጎማል። የእንግሊዝኛው ቁራጭ ከተለወጠ በኋላ እንደገና ለትርጉም ሲቀርብ፣ የዚያ ቁራጭ ትርጉሞች «ጊዜው ያለፈበት» የሚል ምልክት ያርፍባቸዋል። አንድ ቅን ሰው ቅዳሜ ገብቶ «ይዛወራል» የሚለውን «ሊዛወር ነው» አድርጎ ቢያሳምር፣ ፈረንሳይኛውም ዐረብኛውም ጃፓንኛውም እንደገና መታየት አለበት። ተርጓሚዎቹ ደመወዝ የሌላቸው፣ የእረፍት ቀናቸውን የሰጡ ሰዎች ናቸው!

ስለዚህ ከመላኪያው ቀን በፊት እትሙ ይታገዳል። ከዚያ ወዲያ ማሳመር የለም፤ የተሳሳተ ቀን ወይም የተሳሳተ ማያያዣ ከሆነ ብቻ ይነካል፤ አዲስ ዜና ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆያል። ሁሉም ያርመው በሚል ቤት ውስጥ እገዳ ምን ይሠራል የሚል ይኖራል። እኔ እገዳውን የማየው ለተርጓሚው ድካም እንደተሰጠ ክብር ነው። ደስ የሚለኝን አንድ ብልሃት ልጨምርላችሁ፦ የባቡሩን ቀናት የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ለዓመታት በየሳምንቱ ይደጋገም ነበር፤ ቀኖቹ ግን ከቃላቱ ተለይተው ይቀመጡ ስለነበር የአንድ ዓመት ትርጉም በሚቀጥለውም ያገለግል ነበር።

ሰኞ ይላካል። የተቀባዮቹ ዝርዝር ራሱ የዊኪ ገጽ ነው፤ መቀበል የፈለገ የማኅበረሰቡን መወያያ ወይም የራሱን ገጽ እዚያው ላይ ይጽፋል፣ የሰለቸው ያወጣል። ማድረሱ የፕሮግራም ሥራ ነው። ትርጉም ካለ በተቀባዩ ቋንቋ፣ ከሌለ በእንግሊዝኛ ይደርሳል። አማርኛም በዚሁ ሥርዓት ነው የሚታየው፤ ተርጓሚ ሳያገኝ ያለፈ እትም የአማርኛ ጸሐፊ ጋ ቢመጣ በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ያስቆጨኛል፤ የትርጉሙ በር ለሁሉም ክፍት ነውና።

መስመሯ ደረሰች። አሁን መልሱ ይጀምራል። አንዱ በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ መወያያ ገጽ ላይ «እኔ ጋ ቁልፉ ጨርሶ ጠፍቷል» ብሎ ይጽፋል። ጽሑፉን ያዘጋጁት ሰዎች ያንን ገጽ ላያዩት ይችላሉ፤ ቢያዩትም ቋንቋውን ላያውቁት ይችላሉ። እዚህ ላይ የቴክ አምባሳደር የሚባሉት በጎ ፈቃደኞች ይገባሉ። አቤቱታውን ተርጉመው፣ የታየውን ስህተትና የተጠቀመበትን ማሰሻ ጠይቀው ፋብሪኬተር ላይ ያስመዘግባሉ፤ ተመልሰውም ለጠያቂው የመዝገቡን ቁጥር ይሰጡታል።