ቁርሱን ማን ያድርስ?

ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ጥምቀት ነበር። እኛ ታቦት ስንሸኝ፣ ጃፓን ውስጥ ዮኮሃማ ከሚባለው ወደብ አንዲት ትልቅ የሽርሽር መርከብ ተነሳች። ስሟ ዳይመንድ ፕሪንሰስ ይባላል። ናጋሳኪ ላይ ሚትሱቢሺ የሠራት፣ 290 ሜትር የምትረዝም፣ ቲያትር ቤት፣ መዋኛ ገንዳና በርካታ ምግብ ቤቶች ያሏት ተንሳፋፊ ሆቴል ናት። እንዲህ ዓይነት መርከብ የትም ለመድረስ አይሄድም፤ ዞሮ ዞሮ ወደተነሳበት ይመለሳል። ሰው የሚከፍለው ለመድረሻው ሳይሆን ለመንገዱ ነው።

ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የ80 ዓመት የሆንግ ኮንግ ሰው ነበሩ። ከመሳፈራቸው አንድ ቀን በፊት ሳል ጀማምሯቸዋል። መርከቧ ክሊኒክ ነበራት፤ እሳቸው ግን አልሄዱም። ለሳል ማን ሐኪም ጋ ይሄዳል? ጥር 16 ሆንግ ኮንግ ላይ ወረዱ። መርከቧ ወደ ቬትናም፣ ከዚያ ወደ ታይዋን፣ ከዚያ ወደ ኦኪናዋ ቀጠለች። ጥር 23 የሰውየው የምርመራ ውጤት መጣ፤ በዚያን ጊዜ ገና ስም እንኳ ያልወጣለት አዲሱ ቫይረስ ነበር።

ጥር 25 ማታ መርከቧ ዮኮሃማ ስትደርስ ካፒቴኑ ወሬውን በድምፅ ማጉያ ተናገሩ። መመገቢያ አዳራሹና መዝናኛው ግን ወዲያው አልተዘጋም። የመጀመሪያዎቹ 31 ሰዎች ውጤት ሲደርስ 10ሩ ተይዘዋል። ጥር 27 ጠዋት ሁሉም ወደየክፍሉ እንዲገባ ታዘዘ፤ ለ14 ቀን። በማግስቱ 20 ሆኑ። በሦስተኛው ቀን 61። በመጨረሻ ሲቆጠር፣ መርከቧ ላይ ከነበሩት 3,711 ሰዎች 712ቱ ተይዘዋል፤ ከ10 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። በዚያ የካቲት አንድ ሰሞን፣ ከቻይና ውጭ በዓለም ላይ ከታወቁት ሕሙማን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚች አንዲት መርከብ ላይ የተያዙ ነበሩ።

እኔ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ፤ የተማርኩት ምህንድስና ነው። ኮሮና ከግቢ በትኖን እቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ፣ የወረርሽኝ ሞዴል በፓይተን መጻፍ ልልመድ ብዬ ዳታ ስፈልግ ያገኘሁት የዚችን መርከብ ነበር። ተመራማሪዎችም ይወዱታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስንት ሰው እንደነበረ ይታወቃል፣ ሳይመዘገብ የወጣ የለም፣ ውሎ አድሮ ሁሉም ተመርምሯል። ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም። ሠንጠረዡ ውስጥ ዕድሜ አለ፣ ምልክት አለ፣ ቀን አለ። ከነዚህ ጎን አንድ ሌላ ዓምድ አለ፤ «መንገደኛ» ወይም «ሠራተኛ» የሚል። ብዙ ሰው ዓይኑን ሳያሳርፍበት ያልፈዋል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ዓምድ ነው።

አርባ ቀን

መርከብንና በሽታን መነጣጠል ድሮም ከባድ ነበር። ኳራንቲን የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከመርከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1377 የአድሪያቲክ ባሕር የንግድ ከተማ የነበረችው ራጉሳ፣ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ ወረርሽኝ ካለበት አገር የሚመጣ ሁሉ ከተማዋ ከመግባቱ በፊት 30 ቀን ውጭ እንዲቆይ ደነገገች። በኋላ 30ው ወደ 40 ከፍ አለ፤ «ኳራንታ» በጣሊያንኛ አርባ ነው። ቬኒስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1468 ለዚሁ ሥራ አንድ ደሴት መደበች።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ራጉሳዎች ባክቴሪያ ምን እንደሆነ አያውቁም። ቁንጫና አይጥም አልጠረጠሩም። ግን መንገደኛውን ከከተማው ውጭ፣ ደሴት ላይ ወይም ሌላ መንደር ውስጥ ያቆዩት ነበር። ቬኒስም ለይታ ያዘጋጀችው የመሬት ቦታ ነው። ሰውን ከመጣበት መርከብ አውርዶ ማስቀመጥ ከጥንትም የሥራው አካል ነበር።

ከዚያ የ1911ዱን ወረርሽኝ ተመልከቱ። እኛ የኅዳር በሽታ የምንለውን፣ ዓለም የስፔን ጉንፋን ያለውን ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ረግፏል፤ ኅዳር 12 ቆሻሻ አቃጥለን ሰፈሩን የምናጥነው የዚያን ጊዜ ትዝታ ነው። በዚያው ሰሞን፣ ጥቅምት 28 ቀን፣ ታሉኔ የምትባል መርከብ ከኒውዚላንድ ተነስታ የፓስፊክ ደሴት ወደሆነችው ምዕራብ ሳሞአ ደረሰች። ሕሙማን ጭና ነበር፤ ግን መንገደኞቿ እንዲወርዱ ተፈቀደላቸው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከደሴቶቹ ሕዝብ አንድ አምስተኛ ገደማ አለቀ። ጎረቤቷ የአሜሪካ ሳሞአ ግን ወደቧን ዘጋች። አንድም ሰው አልሞተባትም። ሁለቱ ቦታዎች የሚተያዩ ያህል ቅርብ ናቸው፤ ሕዝቡም አንድ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ይመስላል፤ በሩን ዝጋ። ዮኮሃማ ላይ የተደረገውም ይኼው ነው። ግን በር ሁልጊዜ ሁለት ጎን አለው። የአሜሪካ ሳሞአ በር ሲዘጋ በሽታው ከውጭ ቀረ። የዳይመንድ ፕሪንሰስ በር ሲዘጋ በሽታው ውስጥ ነበር።

በሩ ሲዘጋ

ለምን አላወረዷቸውም? ጃፓን በአንድ ጊዜ 3,711 ሰው ለየብቻ የምታሳድርበት ቦታ አልነበራትም፤ የመመርመሪያ አቅሟም በዚያ ሳምንት ውስን ነበር። ደግሞ ኃላፊው ማን ነው? የመርከቧ ባንዲራ የእንግሊዝ፣ የሚያስተዳድራት የአሜሪካ ኩባንያ፣ ካፒቴኗ ጣሊያናዊ፣ ውሃው የጃፓን። በዚያው ሰሞን ዌስተርዳም የተባለች ሌላ መርከብ፣ አንድም የተረጋገጠ ሕመምተኛ ሳይኖርባት፣ ወደብ ለምና ወደብ ስታጣ ከርማ በመጨረሻ ካምቦዲያ ነው የተቀበለቻት። ጃፓንም ከከለከሏት አንዷ ነበረች። ስለዚህ ጃፓን ዳይመንድ ፕሪንሰስን ማስጠጋቷ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

መንገደኞቹ በየክፍላቸው ገቡ። ሰገነት የነበረው ባሕር እያየ ተቀመጠ፤ መስኮት አልባ ክፍል የደረሰው በፈረቃ እየወጣ ትንሽ አየር እንዲወስድ ተፈቀደለት። ሁለት ሆኖ የተሳፈረ ሁለት ሆኖ ተዘጋበት። ይኼ ምን እንዳስከተለ በኋላ አሜሪካውያን መንገደኞች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። አብሯቸው በክፍሉ የተያዘ ሰው ካልነበረ 18 በመቶዎቹ ተይዘዋል። አብሯቸው ያለው ተይዞ ምልክት ካላሳየ 63 በመቶ። ምልክት ካሳየ 81 በመቶ። ባልና ሚስትን አንድ ክፍል ቆልፎ «ተለያይታችኋል» ማለት እንደማይቻል ቁጥሩ ይናገራል።

የሠንጠረዡ ሌላኛው ዓምድ ግን ክፍሉ ውስጥ አልገባም። 2,666 መንገደኛ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል። ማን ያበስላል? ማን ያደርሳል? ሳህኑን ማን ይመልሳል? 1,045ቱ ሠራተኞች ናቸዋ። ጭንብልና ጓንት አድርገው በየኮሪደሩ እየዞሩ፣ በር እያንኳኩ ምግብ ያድሉ ነበር። ሥራ ሲጨርሱ የሚመለሱት ወደ ታችኛው ወለል፣ ከባልደረባ ጋር ወደሚጋሩት ጠባብ ክፍል ነው። የሚበሉትም በጋራ አዳራሽ ነው።

ከሠራተኞቹ መካከል መጀመሪያ የተያዙትን 20 ሰዎች የጃፓን ባለሙያዎች መርምረው ነበር። ከ20ዎቹ 15ቱ የምግብ ክፍል ሠራተኞች ናቸው። 16ቱ ደግሞ አንድ ወለል ላይ፣ ሦስተኛው ላይ፣ የሚኖሩ። ይህን ሳነብ የተሰማኝን በሙያዬ ቋንቋ ልንገራችሁ። አንድ ሲስተም ሲጠቃ የተበከሉትን ሰርቨሮች እርስ በርስ እንዳይገናኙ ለየብቻ እንቆልፋቸዋለን። ከዚያ ግን ሁሉንም የሚከፍተውን የአስተዳዳሪ አካውንት ክፍት ከተውነው፣ ምንም አልቆለፍንም ማለት ነው። መርከቧ ላይ ከበር በር የሚሄደው ያ አካውንት ምግብ የሚያመላልሰው ልጅ ነበር።

አንድ ነገር በሐቅ ልጨምር። በመቶኛ ካየነው ሠራተኛው ከመንገደኛው ያነሰ ነው የተያዘው፤ ከመንገደኛው 567፣ ከሠራተኛው 145፤ ማለትም 21 በመቶና 14 በመቶ ገደማ። ታዲያ ምኑ ነው የሚያሳዝነው? ጊዜው ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች የሕመሙን መነሻ ቀን ሲደረድሩ፣ ብዙው መንገደኛ የተያዘው በሩ ከመዘጋቱ በፊት ሆኖ ተገኘ። ከተዘጋ በኋላ የቀጠለው መተላለፍ በአብዛኛው ወይ አንድ ክፍል በሚጋሩ መንገደኞች፣ ወይ በሠራተኞች መካከል ነበር። የ14ቱ ቀን ቆጠራም ለመንገደኛው ነው የተጀመረው። ሠራተኛው የራሱን ለይቶ ማቆያ የጀመረው መንገደኛው ከወረደ በኋላ ነው።

እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ከህንድ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ በኮንትራት የመጡ ናቸው። «ኮንትራት» የሚለውን ቃል ለእኛ አገር ሰው ማብራራት አያስፈልግም። ሰው ቤት እያደሩ፣ የሰውን ምግብ እያበሰሉ፣ ሲታመሙም ለማን እንደሚናገሩ ግራ የገባቸውን እህቶቻችንን እናውቃለን። ከሠራተኞቹ ጥቂት ህንዳውያን ቪዲዮ ቀርጸው ለዓለም ለቀቁት፤ ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ መርምሩን፣ ከታመሙት ለዩን።

የካቲት 10 የኮቤ ዩኒቨርሲቲው የተላላፊ በሽታዎች ፕሮፌሰር ኬንታሮ ኢዋታ መርከቧ ላይ ወጡ። አፍሪካ ውስጥ ኢቦላን፣ ቻይና ውስጥ ሳርስን ያዩ ሰው ናቸው። ከወረዱ በኋላ በዩቲዩብ እንደተናገሩት፣ ንጹሑ አካባቢ ከተበከለው አልተለየም፤ ኢቦላ ያለበት ቦታ ላይ ያልፈሩትን እዚያ ፈሩ። ባለሥልጣናቱ አልተቀበሏቸውም፤ እሳቸውም ከሁለት ቀን በኋላ ቪዲዮውን አነሱት። ሆኖም ከዚያ አስቀድሞ መንገደኞችን ለመመርመር ከገቡት የጃፓን የኳራንቲን ሠራተኞች አንዱ ራሱ ተይዞ ነበር።

ቢሆን ኖሮ

«ቢሆን ኖሮ» የሚለውን ጥያቄ ታሪክ ጸሐፊዎች አይወዱትም። ሞዴል ሠሪዎች ግን ሥራችን እሱ ነው። በስዊድን የሚሠሩ ተመራማሪዎች የመርከቧን ቁጥር ይዘው አስልተውታል። ምንም ባይደረግ ኖሮ፣ በየካቲት 11 ወደ 2,900 ሰው ይያዝ ነበር። ስለዚህ በሩን መዝጋት ብዙ ሰው አድኗል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ገና መርከቧ በደረሰችበት ቀን፣ ጥር 25፣ ሁሉም ወርደው ቢሆን ኖሮ የሚያዙት 76 ብቻ ይሆኑ ነበር። በ76 እና በ712 መካከል ያለው ነው «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት።

ሞዴል ሞዴል ነው፤ 76ቱን እንደ ቆጠራ አትውሰዱት። 3,711 ሰው ከመርከብ ወርዶ የት ይተኛ ነበር የሚለውን ኮዱ አይመልስም። የሚመልሰው አንድ ነገር ነው፤ ቦታው ራሱ የበሽታው አካል ነበር። በኋላ የመጡ ጥናቶችም ያጠናከሩት ይህንኑ ነው። ብዙው መተላለፍ በትንፋሽ፣ በአየር ውስጥ በሚንሳፈፉ ጥቃቅን ጠብታዎች እንደነበር ገመቱ። የካቲት ላይ ዓለም ገና እጅ ታጠቡ፣ ዕቃ አትንኩ እያለ ነበር። ሌላው ትልቅ ትምህርት ደግሞ የካቲት 12 ላይ ከተያዙት 634 ሰዎች 328ቱ ሲመረመሩ ምንም ምልክት አልነበራቸውም። ትኩሳት እየለኩ ሰው ማሳለፍ ለምን እንዳልሠራ ዓለም ከተማረባቸው ቦታዎች አንዷ ይህች መርከብ ናት።

የካቲት 22 ቀን፣ በዓድዋ ዋዜማ፣ ካፒቴን ጄናሮ አርማ የመጨረሻው ሰው ሆነው ወረዱ። ጣሊያን እንደ ጀግና ተቀበለቻቸው፤ ይገባቸዋል። ምግብ ሲያድሉ የተያዙት ግን በስም አይታወቁም። ሠንጠረዡ ውስጥ «ሠራተኛ» ተብለው ነው የቀሩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 14፣ ኢትዮጵያም ከውጭ የሚገባ ሁሉ 14 ቀን በራሱ ወጪ ሆቴል እንዲቆይ አዘዘች። ቀጥሎ ከአረብ አገር የሚመለሱ ወገኖቻችን በየዩኒቨርሲቲው ዶርም ገቡ። ያኔ ሁላችንም የተቆለፈባቸውን ነበር የምንቆጥረው፤ ስንት ገባ፣ ስንት ተያዘ፣ ስንት ወጣ። ለእነሱ ሽሮ ሠርታ፣ በር አንኳኩታ፣ ማታ ታክሲ ተጋፍታ ወደ ልጆቿ የምትመለሰው ሴት በየትኛው ዓምድ ነበረች?

ወረርሽኝ እንደገና ይመጣል፤ በመርከብ ይሁን በአውሮፕላን አላውቅም። የመጣ ቀን አንድ ሹም ካርታ ዘርግቶ «ይህንን እንዘጋለን» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት አልጋ አለ፣ ስንት ቀን ይበቃል የሚለው አይመስለኝም። ቁርሱን ማን ያድርስ? እሱስ የት ይደር?