ድራኩላ በፀሐይ ይሞታል ወይ?

ገፈርሳ፣ ከግድቡ ብዙ በማይርቅ የጓደኛችን ቤት፣ አራት ሆነን በአንድ ሌሊት ሁለት የድራኩላ ፊልሞች አየን። ልብ ወለዱን ቀደም ብለን እየተቀባበልን አንብበነዋል። ውጭ ጅብ ይጮኻል፤ ማጀቢያ አላጣንም። ክርክሩ የተነሣው ግን «ይኸ ሰውዬ በፀሐይ ይሞታል ወይስ አይሞትም?» በሚለው ነው።

መጽሐፉ አይሞትም ይላል። አየርላንዳዊው ብራም ስቶከር በ1897 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ባሳተመው ድርሰት፣ ድራኩላ በቀን ለንደን ውስጥ ይዘዋወራል፤ ኃይሉ ይቀንስ እንጂ። በፀሐይ የገደለው ጀርመናዊው ሙርናው ነው፤ በ1922 በሠራው «ኖስፌራቱ»። ያውም ያለ ፈቃድ፣ ስሞቹን ለዋውጦ! የደራሲው ሚስት ፍሎረንስ ከሰሰች፤ በ1925 ቅጂዎቹ እንዲወድሙ ተፈረደ። ጥቂቶቹ አመለጡ። ታዲያ ይኸው የተሰረቀ ፊልም የፈጠረው አሟሟት ዛሬ የጥንት አፈ ታሪክ መስሎ ይወራል። የታሪክ ተማሪ መደንገጥ ያለበት እዚህ ላይ ይመስለናል፤ ከጥርሱማ ምን አለ! በ1931 የተጫወተው ቤላ ሉጎሲ ሹል ጥርስ እንኳ አላሳየም። ጥርሱንና ቀይ ደሙን በቀለም ያመጣው የ1958ቱ ክሪስቶፈር ሊ ነው።

ትልቁ ልዩነት ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ የማስታወሻ ደብተር፣ የደብዳቤ፣ የቴሌግራምና የጋዜጣ ቁራጭ ጥርቅም ነው፤ ጸሐፊዎቹም አሳዳጆቹና ተጠቂዎቹ ናቸው። ድራኩላ ከአጫጭር ማስታወሻዎች በቀር የራሱ ገጽ የለውም። የተናገረውንም ቢሆን የጻፉለት ሌሎች ናቸው።

ይኸ ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? በሀገራችን ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ሲባል፣ በጋብቻ ሲሸሽ ኖሯል። ምስክሩ ማን ነው? ከሳሹ ራሱ። በዚያ ሌሊትም ጅቡ ሲጮኽ «የማን ሸክላ ሠሪ ወጣች?» ብለን ሳቅን። አንዷ ጓደኛችን አልሳቀችም። አያቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ እኛ ይህን አናውቅም።

ፊልም፣ እንደ መጽሐፉ ሳይሆን፣ ለተከሳሹ ፊት ይሰጠዋል። የአዲስ አበባ ሰው የጥንቱን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ይለው ነበር አሉ፤ እኛ ግን ሰው ያየነው እዚያው ሸራ ላይ ነው። ሁለተኛው ፊልማችን የሄርዞግ፣ የ1979ኙ «ኖስፌራቱ» ነበር። ክላውስ ኪንስኪ የሚጫወተው ድራኩላ የደከመው ነው፤ መሞት አለመቻሉን እንደ ሥቃይ ይናገራል። ጓደኛችን ያችን ቦታ ወደ ኋላ መልሳ ደግማ አየቻት። እኛም ዝም ብለን አብረናት አየን።