ገዢን መለየት፣ ሰውን መለየት

«ለሁሉም አንድ ዓይነት» የሚለው ሐሳብ ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። በንግድ ዓለም ይህን ሐሳብ እስከ ጥጉ ከገፉት ሰዎች አንዱ ሄንሪ ፎርድ ነው። «ሞዴል ቲ» የተባለችው መኪናው በ1908 ገበያ ስትወጣ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዋጋዋ 850 ዶላር ነበር። የፋብሪካው ሥራ እየተቀላጠፈ ሲሄድ ዋጋዋ በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ወረደ። ገበሬውም ሠራተኛውም ባለመኪና ሆነ። መልኳ ግን አንድ ነው፤ ከ1914 እስከ 1925 ድረስ ከጥቁር ሌላ ቀለም አልተቀባችም።

ፎርድን ግትር ብቻ ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። መኪናን ከባለጸጋ ደጃፍ አውጥቶ ለተራው ሰው ያደረሰ እሱ ነውና። ችግሩ ገዢው ሲለወጥ እሱ አለመለወጡ ነው። የመጀመሪያ መኪናውን ሲገዛ መንቀሳቀሷ ብቻ የበቃው ሰው ሁለተኛዋን ሲገዛ ምቾትም፣ መልክም ያምረዋል።

ይህ የገባው የጀነራል ሞተርሱ አልፍሬድ ስሎን ነበር። በ1921 ኩባንያው ሰባት ዓይነት መኪና ይሠራ ነበር፤ ዋጋቸው ስለሚቀራረብ የገዛ መኪኖቹ እርስ በርስ ገበያ ይሻሙ ነበር። ትርፍ ያስገቡ የነበሩትም ቢዊክና ካዲላክ ብቻ ናቸው። ስሎንና ባልደረቦቹ ገበያውን ከ450 እስከ 3,500 ዶላር በስድስት የዋጋ ደረጃ ከፈሉት፤ ከታች ሼቭሮሌት፣ ከላይ ካዲላክ። ብልሃትም ነበረበት። እያንዳንዱ መኪና በደረጃው ጣሪያ አጠገብ ይቀመጣል፤ ከታች ያለው ገዢ ጥቂት ጨምሮ፣ ከላይ ያለውም ጥቂት ቆጥቦ ወደዚያው እንዲመጣ። በ1923 የኩባንያው ፕሬዚዳንት የሆነው ስሎን መርሁን በ1924 ለባለአክሲዮኖቹ ሲያስረዳ፣ ለየቦርሳውና ለየጉዳዩ የሚሆን መኪና እንሠራለን አለ። ጥሬ ገንዘብ ላነሰውም በ1919 የተቋቋመው የኩባንያው አበዳሪ ድርጅት ነበረለት። ፎርድ በ1927፣ ከ15 ሚሊዮን በላይ ከሠራ በኋላ፣ ሞዴል ቲን ለማቆም ተገደደ።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የሰፈራችን ባለሱቅ ለአንዱ ዘይት በጠርሙስ፣ ለሌላው በስኒ ይሸጣል፤ ማን ወር ሲደርስ እንደሚከፍልም ያውቃል። ልዩነቱ፣ ባለሱቁ ደንበኛውን በስሙ ያውቀዋል። ትልቁ ኩባንያ የሚያውቀው ግን ምድቡን ነው። ሰው በምድቡ ብቻ መታወቅ ሲጀምር ደግሞ ምድቡ ዕድሉን ይወስንበታል።

ለዚህ ምስክሩ እዚያው አሜሪካ አለ። በ1933 የተቋቋመ አንድ የመንግሥት የቤት ብድር ድርጅት ከ1935 እስከ 1940 ከ200 በላይ ከተሞችን በካርታ አስነሥቶ፣ ሰፈሮቹን በአራት ቀለም ለየ። አረንጓዴው አስተማማኝ፣ ቀዩ አደገኛ ማለት ነው። ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች በአብዛኛው ቀይ ተቀቡ። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደርም ለእነዚህ ሰፈሮች የብድር ዋስትና ይነፍግ ነበር። የተመዘነው ሰውየው ዕዳውን መክፈሉ ሳይሆን የሚኖርበት ሰፈርና የቆዳው ቀለም ነበር። በቤት ሽያጭና ብድር በዘር ማግለልን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1968 ነው።

ታዲያ መለየት ሁሉ ክፉ ነው? አይደለም። በ1947 ፔፕሲ ኮላ ኤድዋርድ ቦይድ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ቀጥሮ ለጥቁር ገዢዎች ብቻ የሚሠራ የሽያጭ ቡድን እንዲመራ አደረገ። በዚያ ዘመን ማስታወቂያ ላይ ጥቁር ሰው ከታየ አሽከር ወይም መሣቂያ ሆኖ ነው። የቦይድ ማስታወቂያዎች ግን ደህና የለበሱ ቤተሰቦችንና በሙያቸው የተከበሩ ሰዎችን አሳዩ። ከታዩት ልጆች አንዱ ሮን ብራውን በ1993 የአሜሪካ የንግድ ሚኒስትር ሆነ። ፔፕሲ ይህን ያደረገው ለጽድቅ አይደለም፤ ኮካ ኮላን ለመቅደም ነው። ቢሆንም እዚህ መለየት ማለት ማግለል ሳይሆን ማየት ሆነ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምይዘው መመዘኛ አንድ ነው፦ የተከፈለው ዕቃው ነው ወይስ ሰው? ስሎን ዕቃውን ከፈለ፤ ገንዘብ የያዘ ሁሉ የፈለገውን ደረጃ መምረጥ ይችል ነበር። ባለካርታዎቹ ሰውን ከፈሉ፤ ቀይ ውስጥ ያለው ምንም ቢያደርግ መውጫ አልነበረውም። ዛሬ ክፍፍሉን የሚሠራው ኮምፒውተር ነው፤ ለአንዱ ቅናሽ፣ ለሌላው ብድር ያሳያል፣ ከሦስተኛው ሁለቱንም ይሰውራል። የቀዩ ካርታ ሰው ቢያንስ የተነፈገውን ያውቅ ነበር። የዛሬው ገዢ ግን ሳይታይለት የቀረውን ነገር እንዴት ብሎ ይጠይቃል?