የተረጂዎች ምስክርነትና የመዝገብ ፍርድ
(ከካምብሪጅና ከሶመርቪል የወጣቶች ጥናት ታሪክ)

ለወጣቶች የጠባይ ድጋፍ የሚሰጥ አንድ መርሐ ግብር ሲፈጸም ተካፋዮቹን «ረክታችኋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ምስጋና ነው። ምስጋናው ስለ ሥራው ፍሬ ምን ያህል እንደሚያስረዳ ለመመርመር፣ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በካምብሪጅና በሶመርቪል ከተሞች የተካሄደውን ጥናት መመልከት ይበጃል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥናቱ መሥራች በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና የማኅበራዊ ሥነ ምግባር መምህር የነበሩት ሐኪም ሪቻርድ ክላርክ ካቦት ናቸው። እኚህ ሰው በ1931 ለማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ጉባኤ ባሰሙት ንግግር፣ ሠራተኞቹ የድካማቸውን ውጤት በልኬት እንዲመረምሩ አሳስበው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ራሳቸው ሞከሩት። ልጆቹ በዕድሜ፣ በቤተ ሰብ ሁኔታና በጠባይ እየተመሳሰሉ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣመሩ፤ ከጥንዱ የትኛው ድጋፍ እንደሚያገኝ፣ የትኛውም እንደ ወትሮው እንደሚኖር የተወሰነው ሳንቲም በመጣል ነበር። ድጋፍ ማግኘት የነውር ምልክት እንዳይሆንም ከአስቸጋሪዎቹ ጋር ጨዋ ልጆች አብረው ተመዘገቡ፤ ይህ ጥንቃቄ ዛሬም ቢሆን የሚመሰገን ነው።

አገልግሎቱ በ1939 ተጀምሮ በ1945 አበቃ። ካቦት ግን በተጀመረበት ዓመት ዐረፉ። እስከ መጨረሻው ለንጽጽር የቀሩት 506 ልጆች ሲሆኑ ድጋፍ ያገኙት 253 ነበሩ። አማካሪዎች በወር ሁለት ጊዜ ያህል ወደየቤታቸው እየሄዱ ይጎበኟቸው ነበር፤ ብዙዎቹ በትምህርት ታገዙ፣ ሌሎች ሕክምና አገኙ፣ ከፊሎቹም ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት ወደ ካምፕ ተላኩ።

ኤድዊን ፓወርስና ሔለን ዊትመር በ1951 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በፍርድ ቤት መዝገብ ረገድ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት እንዳልታየ ገለጹ። ይሁንና ፍሬው ዘግይቶ ሊታይ ይችላል የሚል ተስፋ ነበር። ተመራማሪዋ ጆአን ማክኮርድ ከ1975 ጀምሮ የቀድሞዎቹን ልጆች፣ ጎልማሶች ከሆኑ በኋላ፣ አፈላልገው ከመቶ 95 ያህሉ ያሉበትን አወቁ። ድጋፍ ካገኙት መካከል ለመጠይቁ አስተያየታቸውን ከሰጡት ሁለት ሦስተኛው ያህል መርሐ ግብሩ እንደ ጠቀማቸው መሰከሩ። ይህ ባይኖር ኖሮ ኑሯችን በወንጀል ያልፍ ነበር ያሉም አልታጡም።

መዝገቡ ግን ሌላ ተናገረ። ማክኮርድ በ1978 እንዳሳተሙት፣ ድጋፍ ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ሁለተኛ ወንጀል ለመፈጸም የቀረቡ ነበሩ፤ የመጠጥ ሱስና የከባድ የአእምሮ ሕመም ምልክትም በእነርሱ ላይ በዝቶ ታየ፤ የሞቱትም በለጋ ዕድሜ ነበር የሞቱት።

መስካሪዎቹ ዋሹ ማለት አይደለም። ቤታቸው ድረስ እየመጣ የሚጠይቃቸውን ሰው ወደዱ፤ ያንኑም በእውነት ተናገሩ። ነገር ግን አንድ ሰው የሚኖረው አንድ ሕይወት ብቻ ስለሆነ፣ አማካሪው ባይመጣ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ከራሱ ታሪክ ሊያውቅ አይችልም። ያንን የሚያሳየው ድጋፍ ያላገኘው ጥንዱ ነው። በየሥልጠናው ማብቂያ የምናድለው መጠይቅ (እኔም ደጋግሜ አዘጋጅቼዋለሁ) ይህን ጥንድ ከቶ አይጠይቅም። መጠይቁ ይቅር አልልም፤ አቀባበሉ ያስከፋው ልጅ ካለ የምንሰማው በዚሁ ነው። ይሁን እንጂ የመርሐ ግብሩ ቦታ ከፈላጊው ቁጥር ባነሰ ጊዜ ተካፋዮቹ በዕጣ ቢለዩና ዕጣ ያልወጣላቸውም ስማቸው በመዝገብ ቢቆይ፣ ያለ ብዙ ወጪ ማነጻጸሪያ ይገኛል።

የካምብሪጅና የሶመርቪል መዝገብ በመጠበቁ ጥያቄው በ1999 እንደገና ሊነሣ ችሏል። ማክኮርድና ባልደረቦቻቸው በዚያ ዓመት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ጉዳቱ ጎልቶ የታየው ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ ካምፕ በተላኩት ልጆች ላይ መሆኑን አሳዩ፤ ምክንያቱንም በአንድነት የዋሉ ልጆች አንዱ የሌላውን ጥፋት እያደነቀ ማበረታታቱ ሳይሆን አይቀርም አሉ። «ካምፑን ወደዳችሁት ወይ?» ተብለው ቢጠየቁ ኖሮ፣ እነዚሁ ልጆች ምን ብለው ይመልሱ እንደ ነበር ለመገመት አያዳግትም።