ሳይቃጠል በቅጠል፤ የጤና መድን ሕግና የጡት ነቀርሳ ቅድመ ምርመራ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች

የአገራችን ሕዝብ እርስ በርሱ የተረዳዳበትን ታሪክ ስንመረምር፣ ገንዘብ የሚዋጣበት ምክንያት በዘመናት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ሲለወጥ እናያለን። አባቶቻችንና እናቶቻችን በመጀመሪያ ያዋጡት ለሞት ነው። ከዚያ ወዲህ የወጣው ሕግ ደግሞ ለሕመም እንድናዋጣ አደረገን። ጤነኛ መስሎ የሚታየው ሰው ደዌው ሳይጠናበት እንዲመረመር የሚያስችለው መዋጮ ግን በሕጋችን ውስጥ ቦታው ጠባብ ሆኖ ቆይቷል። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ይህ ሦስተኛው ደረጃ ለምን እንደሚያስፈልግ በጡት ነቀርሳ (ካንሰር) አማካይነት ማስረዳት ነው። ምሳሌ የሚሆኑን በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» የተባለው የኢትዮጵያ፣ «እ.አ.አ.» የተባለው የአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

1. ከዕድር እስከ መድን ኩባንያ

ዕድር በከተሞቻችን እየሰፋ የሄደው በተለይ ባለፈው መቶ ዓመት ነው። ሥራውም የታወቀ ነው። አባል በየወሩ ያዋጣል፤ ሐዘን በደረሰ ጊዜ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ለሐዘንተኛው ቤተ ሰብ የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል። ዕድር መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ የቀረ አባል ይቀጣበታል። ስለዚህ ሕዝባችን አደጋን በጋራ መሸከምን ከባዕድ የተማረው ነገር አይደለም። ነገር ግን ዕድር በመሠረቱ የሚከፍለው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። የኤች.አይ.ቪ. ወረርሽኝ በበረታበት ዘመን አንዳንድ ዕድሮች ለታመመ አባልና ወላጆቻቸው ለሞቱባቸው ልጆች መርዳት ጀምረው ነበር። ይህም የሚያሳየው፣ ችግሩ ሲጠና የመዋጮው ዓላማ ሊለወጥ እንደሚችል ነው።

በሌላ በኩል ዘመናዊው መድን በመጀመሪያ የነጋዴና የንብረት ጉዳይ ሆኖ ገባ። የመጀመሪያው የአገር ውስጥ የመድን ኩባንያ የተቋቋመው እ.አ.አ. በ1951 ነው። በ1967 ዓ.ም. መንግሥት የወረሳቸው የግል የመድን ኩባንያዎች 13 ነበሩ። እነዚህ ኩባንያዎች በብዛት የሚያስቡት ስለ መኪና፣ ስለ ዕቃና ስለ ቤት ነበር እንጂ በሱሉልታ መንገድ ዳር እንጨት ተሸክማ ስለምትወርድ ሴት ጤና አልነበረም።

2. ሁለቱ የጤና መድኖች

የጤና መድን በሕግ የተደነገገው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 በወጣ ጊዜ ነው። ይህ አዋጅ የደመወዝተኞችና የጡረተኞች ነው። ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 271/2005 ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲከፍሉ ወሰነ። ሆኖም ገንዘቡን መሰብሰብ የሚጀመርበት ቀን በተደጋጋሚ ሲተላለፍ ለብዙ ዓመታት ቆየ።

ሁለተኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲሆን ገበሬውን፣ ደሞዝ የሌለውን የከተማ ነዋሪና ትንንሽ ነጋዴዎችን የሚመለከት ነው። ይህ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ፣ ከኦሮሚያም ጊምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና ሊሙ ኮሳ ይገኙበታል። ኩዩ በሱሉልታ አልፎ ወደ ጎጃም በሚሄደው መንገድ ላይ ያለ ወረዳ ስለ ሆነ፣ ሙከራው ለምናጠናቸው ከተሞች ሩቅ አልነበረም። ቤተ ሰቡ በአንድነት ይመዘገባል፤ በዓመት የተወሰነ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል። ከ13ቱ ወረዳዎች ተነሥቶ መድኑ በመላ አገሪቱ ወደ ብዙ መቶ ወረዳዎች ተስፋፋ።

እንግዲህ ለጥናታችን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ደንብ ቁጥር 271/2005 ከሽፋን ውጭ ካደረጋቸው አገልግሎቶች መካከል፣ ከሕመም ጋር ግንኙነት የሌለው በየጊዜው የሚደረግ የጤና ምርመራ አንዱ ነው። የዚህ ሐሳብ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰው ሁሉ ሳያመው ልመርመር ቢል ሣጥኑ ይራቆታል ተብሎ ተፈርቷል። ነገር ግን ለጡት ነቀርሳ ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ትልቅ ትርጉም አለው። በሽታው ሊድን በሚችልበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አያምምምና። ሴትየዋ ሕመም ተሰምቷት ወደ ሐኪም ስትሄድ ሕጉ በሩን ይከፍትላታል፤ ያን ጊዜ ግን ብዙ ጊዜ መሽቷል።

3. የበሽታው ጠባይና የሴቶቻችን ሁኔታ

የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.አ.አ. በ2011 ከተከፈተ ወዲህ፣ ከሴቶች ነቀርሳዎች ሁሉ የጡት ነቀርሳ የመጀመሪያውን ቦታ እንደሚይዝ ታውቋል። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ሁለት ነገሮችን ደጋግመው አሳይተዋል። አንደኛ፣ ከታማሚዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ የታማሚዎቻችን አማካይ ዕድሜ 40ዎቹ አካባቢ ስለ ሆነ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ታማሚዎች በጣም ያንሳል። እናት ልጆችዋን አሳድጋ ሳትጨርስ የሚደርስ በሽታ ነው ማለት ነው።

ከአራቱ ከተሞች ለገጣፎ በደሴ፣ ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ሥር በሸገር ከተማ አስተዳደር ተጠቃለዋል። በአስተዳደር ከአዲስ አበባ የተለዩ ቢሆኑም፣ ከነዋሪዎቻቸው ብዙዎቹ በየቀኑ ወደ አዲስ አበባ ለሥራ ይሄዳሉ፤ ከባድ ሕመም ሲደርስም የሚላኩት ወደዚያው ነው። የጨረር ሕክምና እ.አ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ተጀምሮ ለረጅም ዘመን ለመላው አገር እርሱ ብቻ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው በሌሎች ከተሞች የተጨመረው። ስለዚህ የለገጣፎ ሴት በርቀት ረገድ ከብዙ ኢትዮጵያውያት የተሻለች ናት። ሆኖም ቅርበት ብቻ ምርመራ አይሆንም። በሰበታ አካባቢ በአበባ እርሻ የምትሠራ ደሞዝተኛ በመጀመሪያው አዋጅ፣ ጉሊት የምትቸረችር ጎረቤትዋ በሁለተኛው መድን ይታሰባሉ። በአንድ መንደር የሚኖሩ፣ በአንድ ዕድር የሚያዋጡ ሁለት ሴቶች በሁለት ሕግ ተከፍለዋል። ጡታቸውን በጊዜው የሚያስመረምሩበትን ዋስትና ግን ሁለቱም በሚገባ አላገኙም።

4. የሌላው ዓለም ታሪክ ምን ያስተምረናል?

ቅድመ ምርመራ ሕይወት ማትረፉን በመጀመሪያ በትልቅ ሙከራ የመረመረው ሆስፒታል ሳይሆን የመድን ድርጅት መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። በ1947 እ.አ.አ. ሥራ የጀመረው የታላቋ ኒው ዮርክ የጤና መድን ድርጅት፣ በ1963 ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 64 የሆነ 62,000 ያህል ሴት አባሎቹን በሁለት ከፈለ። ለግማሾቹ በየዓመቱ የጡት ራጅ (ማሞግራፊ) እና በሐኪም እጅ የሚደረግ ምርመራ እንዲቀርብላቸው አደረገ። ከ10 ዓመት ያህል ክትትል በኋላ፣ ምርመራው በቀረበላቸው ወገን በጡት ነቀርሳ የሞቱት በ30 በመቶ ገደማ አንሰው ተገኙ። በምርመራው ከተገኙት ነቀርሳዎች ውስጥም 45 በመቶው ራጁ ሳያሳያቸው በእጅ ዳሰሳ ብቻ የታወቁ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ማስረጃው ብቻውን የገንዘብ ሣጥን አልከፈተም። በ1965 የወጣው የአሜሪካ የአረጋውያን የጤና መድን ሕግ (ሜዲኬር) ልክ እንደ እኛ ደንብ ለሕመም ይከፍል ነበር እንጂ ለቅድመ ምርመራ አይከፍልም ነበር። በ1988 የጡት ራጅን የሚጨምር ሕግ ወጣ፤ በዓመቱ ተሻረ። በ1990 እንደገና ተደንግጎ ከ1991 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። በ2010 የወጣው ሕግ ደግሞ የግል መድኖች ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሸፍኑት አስገደደ። ከማስረጃው እስከ ሕጉ 20 ዓመት ያህል አለፈ። በዚያ መካከል የነበሩት ሴቶች የሳይንስ እጥረት አልነበረባቸውም፤ የጎደላቸው የሕግ አንቀጽ ነበር።

ለእኛ ኑሮ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የሕንድ ነው። በሙምባይ ከተማ ከ1998 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 64 የሆነ ከ150,000 የሚበልጡ ድኾች ሴቶች ተመዝግበው፣ ለግማሾቹ የሠለጠኑ ሴት የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ ጡታቸውን በእጅ መረመሩላቸው። ውጤቱ በ2021 ታተመ። በሽታው ቀደም ባለ ደረጃ መገኘት ቻለ። በጠቅላላው ሞት በ15 በመቶ ያነሰ ቢመስልም፣ ይህ በአኃዝ መለኪያ ከአጋጣሚ ሊለይ አልቻለም። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ግን ሞት በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከ50 በታች ላሉት ግን የሞት መቀነስ አልታየም።

5. ለእኛ የሚስማማው ሕግ

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው፣ ሕጉ ሁሉንም ሴት በየዓመቱ የጡት ራጅ ያስነሣ የሚል እንዳልሆነ ግልጽ ነው። መሣሪያው ጥቂት ነው፤ የወጣት ሴት ጡትም ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ ራጁ አጥርቶ አያሳየውም። ከዚህ ይልቅ አራት ነገሮች በመድኑ ጥቅል ውስጥ በስም ተጠቅሰው ቢገቡ እንላለን።

መጀመሪያ፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሴት አባሎች በጤና ጣቢያ በሠለጠነች ነርስ በየሁለት ዓመቱ የእጅ ምርመራ ይደረግላቸው። ሁለተኛ፣ በማንኛውም ዕድሜ ላይ ያለች ሴት እብጠት ወይም ለውጥ ባየች ጊዜ፣ ሕመም ባይኖርባትም አልትራሳውንድና በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ያለ ክፍያ ታግኝ። ታማሚዎቻችን ወጣቶች ስለ ሆኑ ብዙ ሕይወት የሚድነው በዚህ በኩል ነው። ሦስተኛ፣ ከመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ ናሙናው ውጤት ያለው ጊዜ ይወሰን፤ የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ዕቅድ 60 ቀን ብሎታል። አራተኛ፣ የመድኑ ውል በአስተዳደር ወሰን ላይ አይቁም፤ የቡራዩ አባል በአዲስ አበባ ሆስፒታል ስትላክ ዋስትናዋ አብሯት ይሂድ።

6. ስለ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች «ለታመመው ያልበቃ ገንዘብ ለጤነኛው እንዴት ይከፈላል?» ይላሉ። መልሱ በራሳችን ታሪክ ውስጥ አለ። እ.አ.አ. በ1980 ከተጀመረው የክትባት ዘመቻ አንሥቶ መንግሥት ለጤነኛ ሕፃናት ሲከፍል ኖሯል፤ በ2018 ለልጃገረዶች የማኅፀን በር ነቀርሳ መከላከያ ክትባት ሲጀመርም ያልታመመውን መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ መሆኑ ታምኖበታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከ2003 እ.አ.አ. ጀምሮ የታመመውን ብቻ ሳይሆን ጤነኛውን በየቤቱ እየሄዱ የሚያስተምሩ ናቸው።

ሌሎች ደግሞ «ሕክምናው ሳይዳረስ ምርመራው ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህም ነው ምርመራው ከናሙናውና ከቀዶ ሕክምናው ተነጥሎ መደንገግ የለበትም የምንለው። በአንደኛ ደረጃ የተገኘ ነቀርሳ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምናና በጥቂት መድኃኒት ይረታል። በአራተኛ ደረጃ የተገኘው ግን የቤተ ሰቡን ከብትና መሬት ካሸጠ በኋላ የሚያበቃው በዕድሩ ድንኳን ሥር ነው። ሣጥኑም ቢሆን የሚራቆተው በዚህኛው ነው።

ለማጠቃለል ያህል፣ ሕዝባችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ብሂል ከጥንት ያውቀዋል፤ የቀረው በሕግ አንቀጽ መጻፉ ነው። ለዚህም የሕግ ተማሪ አንቀጹን፣ የሕክምና ተማሪ የምርመራውን ሥርዓት፣ የኤኮኖሚ ተማሪ ሒሳቡን ይዘው ቢተባበሩበት፣ ይህ ጀማሪ ጥናት ከወረቀት አልፎ ለገጣፎ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ይደርስ ይሆናል።