የሥነ ምግብ ታሪካችንና የአረጋውያን አእምሮ



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። በአገራችን የሥነ ምግብ ጥናት ታሪክ ውስጥ የአረጋውያን አእምሮ ስፍራው የት ነው? ጥያቄው ለሐኪሞች ብቻ የሚተው ይመስላል፤ ሆኖም ያለ ታሪክ መልስ አያገኝም። ሰው በሰባ ዓመቱ የሚኖረው አእምሮ በእናቱ ማሕፀን መሠረቱ የተጣለ፣ በልጅነቱ የተገነባ፣ በዕድሜው ሙሉ በተመገበው የተጠበቀ ወይም የተጎዳ ነውና።

አገር አቀፍ መልክ ያለው የመጀመሪያው ትልቅ የምግብ ጥናት የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካ መንግሥት የሥነ ምግብ ኮሚቴ አማካይነት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የሕፃናት የሥነ ምግብ ክፍል ተቋቋመ፤ ይህም በኋላ የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ የዚሁ ዘመን ፍሬ ነው። የክፍሉ ስም ራሱ ትኩረቱ ማን ላይ እንደ ነበረ ይናገራል። ሕፃናት በሚረግፉበት አገር ቅድሚያ ለሕፃናት መሰጠቱ ተገቢ ነበር። ነገር ግን በ1958 የአምስት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ሰባውን አልፏል። ያን ጊዜ በልጅነቱ ያሳሰበን ትውልድ አሁን የእርጅና ጉዳያችን ሆኗል።

ከዚያ ዘመን ጥናቶች ውስጥ የጤፍን ነገር ላንሣ። የ1958ቱ ጥናትና ስዊድናዊው ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር በ1968 ያሳተመው ሥራ ኢትዮጵያውያን በምግባቸው እጅግ ከፍተኛ ብረት እንደሚያገኙ አመለከቱ። ጤፋችን ብረት ሞልቶታል የሚለው ኩራት የመጣው ከዚህ ነው። በ1980 ግን አብርሃም በስራትና ባልደረቦቹ ነገሩን በጥንቃቄ መርምረው፣ ከዚያ ብረት ብዙው ከእህሉ ሳይሆን በአውድማ ላይ በከብት ሲወቃ ከሚቀላቀለው አፈር የመጣ መሆኑን አሳዩ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። በሠንጠረዥ ላይ የተጻፈ ቁጥር ሌላ ነው፤ አንጀት ተቀብሎ ለደምና ለአንጎል የሚያደርሰው ሌላ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ጓያ ነው። በ1976 እና 77 በደምቢያ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በወሎ ደላንታና አካባቢው፣ በድርቅ ምክንያት ጓያን ዋና ምግባቸው ያደረጉ ብዙ ሰዎች እግራቸው ሰለለ። ነርቭን የሚጎዳው የጓያ መርዝ በ1964 በህንድ ተመራማሪዎች ተለይቶ ነበር። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ለብዙ ዓመታት በሽታውን አጥንተዋል። ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ደግሞ ጓያን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መመገብ አደጋውን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ማዕድ ነርቭን ሊሰብርም ሊጠብቅም እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። መፍትሔውም የተገኘው እዚያው ማዕድ ላይ ነው።

ሦስተኛው አዮዲን ነው። ከዚህ ከመገናኛ ወደ ሰሜን ቀና ስንል የምናየው የእንጦጦ ተዳፋት፣ እንደ ሌላው ደጋችን ሁሉ፣ ለዘመናት በዝናብ የታጠበ ነው፤ ጎርፍ ከአፈሩ ጋር አዮዲኑንም ይወስዳል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረታችን እንቅርት ምን ያህል የተለመደ እንደ ነበር ይመሰክራል። የእንቅርት ዕጢ አዮዲን ሲያጣ በማሕፀን ያለ ሕፃን አንጎል እድገት ይጎዳል፤ በአዋቂ ላይም ሥራው ሲደክም ሐሳብን ያዘገያል፣ ያስረሳል። ቀድሞ አዮዲን ያለበት ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር። በ1998 በተነሣው ጦርነት ድንበሩ ሲዘጋ አገሪቱ ወደ አፍዴራ ጨው ዞረች፤ አዮዲን መቀላቀሉም ተቋረጠ። በ2011 አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀመው ቤተሰብ ከመቶ 15 ያህል ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ደንብ ወጣ፤ በ2016 ቁጥሩ ከመቶ 89 ደረሰ። አንድ የድንበር መዘጋት በማዕድ በኩል እስከ አንጎል ይዘልቃል ማለት ነው።

አሁን ወደ እርጅናው እንምጣ። ቫይታሚን ቢ 12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ጉበት ቫይታሚኑን ለዓመታት ስለሚያከማች፣ ለጤነኛ ጎልማሳ በፋሲካ የሚበላው ዱለትና በፍስክ ቀን የሚጠጣው ወተት ክምችቱን ይተካለት ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ጾምና ድህነት ሲገጣጠሙ፣ በዚያም ላይ የጨጓራ አሲድ በዕድሜ ቀንሶ ቫይታሚኑን ከምግብ ማላቀቅ ሲያቅተው ነው። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው ወደ የካ ለሚወርዱ እናቶች የፍስክ ቀን ራሱ ብዙ ጊዜ የሽሮ ቀን ነው። የቢ 12 እጥረት እግርን ያደነዝዛል፣ ያስረሳል፣ ጠባይን ይለውጣል። በጊዜ ከተደረሰበት በመርፌ ወይም በክኒን ይታከማል፤ ከዘገየ ግን ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። እኛ ግን «ጃጅተዋል» ብለን እንተዋቸዋለን።

ይህን ስል በየፋርማሲው የተደረደረውን የቫይታሚን ክኒን ሁሉ ማወደሴ አይደለም። በ2010 የታተመ የኦክስፎርድ ጥናት መጠነኛ የመርሳት ችግር በጀመራቸው አረጋውያን ላይ የቢ ቫይታሚኖች የአንጎልን መኮማተር እንዳዘገዩ አሳይቷል፤ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ተጠቃለው ሲታዩ ግን ለሁሉም ሰው የሚሆን ጥቅም አልተገኘባቸውም። እጥረት ያለበትን ሰው መለየትና ማከም አንድ ነገር ነው፤ ለጠገበ ሰው ክኒን መጨመር ሌላ። የጤፉ ብረት ትምህርት እዚህም ይሠራል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። ተማሪዎቼ ሆይ፣ በጥናታችሁ ከሕፃኑ ጎን አያቱንም መዝግቡ፤ የበሉትንና የጾሙትን፣ ያደጉበትን አገር፣ የቀመሱትን ረሃብ ጠይቁ። ሁለተኛው ለሁላችንም ነው። አባታችን ወይም እናታችን መርሳት ሲጀምሩ ዕድሜ ነው ከማለታችን በፊት ደማቸው፣ የእንቅርት ዕጢያቸውና ማዕዳቸው ይመርመር። ጾመኛ ከሆኑ ከንስሐ አባታቸው ጋር እንመካከር፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን የምታዝን ናትና። ከሚረሱት አረጋውያን መካከል የሚድን ሕመም ያለባቸው አሉ። እነርሱን ሳንለይ መተው የዕድሜ ሕግ አይደለም፤ የእኛ ቸልታ ነው።