ስሙን የማይናገር ሴንሰር

ፍላሽ ስትሰኩ ማንነቱን ራሱ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። ቦርድ ላይ የተበየደ የሙቀት ሴንሰር ግን ዝም ነው። ፊሊፕስ በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው አይቱሲ የተባለው መስመር አድራሻ እንጂ ስም አያውቅም። አድራሻ 72 ላይ ያለው ማን እንደሆነ ለሊኑክስ አስቀድሞ ሰው ሊነግረው ይገባል።

ድሮ ይሄ የሚጻፈው እዚያው ከርነሉ ኮድ ውስጥ ነበር። የኤአርኤም ቦርዶች ሲበዙ ፋይሉም ተከመረ፤ በማርች 2011 ሊኑስ ቶርቫልድስ ትዕግሥቱ አልቆ በአደባባይ ተቆጣ።

መፍትሔው ግን አዲስ አልነበረም። በ1994 ደረጃ የወጣለት የሰን ኩባንያ ኦፕን ፈርምዌር ማሽኑን በዛፍ መልክ ይገልጸው ነበር፤ ዲቫይስ ትሪ ይሉታል። ግንዱ ማሽኑ፣ ቅርንጫፉ መስመሩ፣ ቅጠሉ ሴንሰሩ ነው። ቅጠሉ ላይ የሴንሰሩ ዓይነትና አድራሻ ይሰፍራል፤ ከርነሉ ያንን አንብቦ ድራይቨሩን ያገናኛል። በ2012 መጨረሻ የወጣው ሊኑክስ 3.7 አንዱ ከርነል በተለያዩ የኤአርኤም ቦርዶች ላይ እንዲነሳ በር ከፈተ።

ዛፉን የሚጽፈው ግን አሁንም ሰው ነው። አድራሻውን ከሳተ፣ ደህናው ሴንሰር እንደሌለ ይቆጠራል። አምራቹ ገለጻውን ከደበቀ ደግሞ፣ በገንዘባችሁ የገዛችሁትን ስልክ በሌላ ሲስተም ማስነሳት ጭንቅ ነው።